የአደራ ድመት

ድመት አልወድም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ በኋላ የምተርከውን ሰምቶ ሌላ ነገር የሚያስብ እንዳይኖር ነው። በዩኒቨርሲቲው የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ አፈር ስነፋና ስመዝን የምውል ሰው ነኝ፤ ወደ ቤቴ ስገባ አልጋዬ ላይ ፀጉር ማግኘት አልፈልግም። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ሀዋሳ ውስጥ ስድስት ዓመት በተከራየሁበት ግቢ ባለፈው ዓመት ሱልጣን የሚባል ወንድ ድመት ገባ። ደረቱ ነጭ፣ ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ የባለሥልጣን ነው። ገና የመጣ ዕለት የሥራ ጋዋኔ ላይ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ጋዋኑ የማን እንደሆነ ተከራክረን አናውቅም።

ያከራዩኝ እትዬ እህተማርያም ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ከዲላ መጥተው፣ ዩኒቨርሲቲው ገና ኮሌጅ ሳለ፣ ሬጅስትራር ቢሮ በታይፒስትነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከዚያ ቢሮ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ግቢ ዲግሪ ይዞ የወጣ ሰው ሁሉ ስሙ በእሳቸው ጣት አልፏል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ዛሬም መንገድ ላይ አንዱ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው ፊቱን አያውቁትም፤ ስሙን ሲነግራቸው ግን የአባቱንና የአያቱን ራሳቸው ይጨርሱለታል። አላገቡም፣ አልወለዱም። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ፣ "የሰው ስም ስተይብ የራሴን ረሳሁት" ይሉታል። ቀልድ ነው፤ ሁለተኛ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ዘመድ አልነበራቸውም ማለቴ ግን አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ለእሳቸውና ለወይዘሮ ሰሚራ የተተረተ ይመስለኛል። ሰሚራ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ጠሀ ባለቤት ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ሃያ ሰባት ዓመት አንድ አጥር ተጋርተው ኖሩ። አጥር ያልኩት ለወጉ ነው፤ አንዷን ቆርቆሮ ነቅለው መተላለፊያ አድርገዋት ነበር። የሰሚራ ልጆች፣ ዩኑስና ሙንተሃ፣ የቤት ሥራቸውን እትዬ እህተ ጠረጴዛ ላይ እየሠሩ ነው ያደጉት።

በምግብ በኩል ግን ወግ ነበራቸው። የእስላም ሥጋ ለእስላም፣ የክርስቲያን ሥጋ ለክርስቲያን። ይህን ወግ ሁለቱም አንድ ቀን አላፈረሱትም፤ አንድ ቀንም አልተቀያየሙበትም። አረፋ ሲደርስ ሰሚራ የራሳቸውን በግ አሳርደው፣ ለእትዬ እህተ ዶሮ ከነነፍሷ ያቀብላሉ፣ ባርኮ የሚያርድ ፈልጊላት ብለው። ፋሲካ ሲመጣ እትዬ እህተ ብድራቸውን ይመልሳሉ። ሽሮውን፣ ጎመኑንና ዓሣውን ግን ከአንድ ትሪ ነው የሚቆርሱት። "ዓሣ አራጅ የለውም" ይላሉ እትዬ እህተ። "ዓሣ እስላምም ክርስቲያንም አይደለም፤ የሐይቁ ነው።"

አቶ ጠሀ ሲሞቱ ሱቁ ተዘጋ። ሰሚራ ስኳር ያማቸዋል፤ ብቻቸውን አይሆኑም ተባለና ቡታጅራ ያገባችው ልጃቸው ሙንተሃ መጥታ ወሰደቻቸው። በሄዱበት ጠዋት ሱልጣንን በሁለት እጃቸው አቅፈው በቆርቆሮዋ ክፍተት ሲመጡ እኔ በረንዳ ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። "እስክመለስ አደራ" አሉ። እትዬ እህተ ድመቱን ተቀብለው፣ "ሽንኩርት ጀምሬያለሁ፣ መናኸሪያ አልመጣም" አሉ። ሽንኩርት ሲልጡ አላየሁም። ድመቱን ይዘው ጓዳ ገቡና፣ ታክሲው መጥቶ እስኪሄድ አልወጡም።

አደራ ባለቤት አለው። ባለቤት ያለው ነገር ላይ ደግሞ ባለቤቱ አንድ ቀን ይመጣበታል። እትዬ እህተ ይህን በአፋቸው አውጥተው አልተናገሩም፤ አብሬ ስኖር ግን ገባኝ። ሱልጣን በዚያ ግቢ እስካለ ድረስ ሰሚራ የሄዱት ለጊዜው ነው።

ሰሚራ በየእሑዱ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላሉ። እትዬ እህተ አንድ ጆሯቸው ስለሚደክም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ሳልፈልግ ሁሉንም እሰማለሁ።

"ሱልጣን ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ይበላል?"

"ካንቺ ቤት የበለጠ ይበላል።"

"ይፈልገኛል?"

"በቆርቆሮዋ እየሄደ በርሽ ላይ ይቀመጣል።"

ከዚያ "በይ እንግዲህ" ይላሉ አንዳቸው፣ ስልኩም ይዘጋል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ንግግራቸው ይኸው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሲያወሩ ያልጨረሱ ሴቶች፣ አሁን በድመት ጤንነት ላይ ሪፖርት እየተቀባበሉ ይለያያሉ። እትዬ እህተ ደግሞ ራሳቸው አንድም ቀን አልደወሉም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ "የሚደውለው የሄደው ነው" አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ተቀይመው ነበር። የተቀየሙት መሄድ የማይቀርለትን ሰው ስለሆነ፣ ለቅያሜያቸው መውጫ አልተገኘለትም።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ሱልጣን በሰሚራ ቤት ያደገው በሰሚራ ቤት ሥጋ ነው። እትዬ እህተ ያንን ሥጋ ገዝተው ወደ ቤታቸው ድስት አያስገቡም። የራሳቸውን ቤት ሥጋ ደግሞ ለሰሚራ ድመት አይሰጡም፤ ሰው ባለበት ያላደረጉትን ሰው በሌለበት ማድረግ ክህደት መሰላቸው። "ድመት ሃይማኖት የለውም እኮ" አልኳቸው። "ባለቤቱ ግን አላት" አሉኝ። እናም ዓሣ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይወርዱና፣ ሥጋው ተገፎ የቀረውን የዓሣ አከርካሪና ጭንቅላት አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ አሞሮች አፍ ነጥቀው ይመጣሉ። ጉልበታቸው ቶሎ ቶሎ ስለማያስኬዳቸው ጣራ ላይ አድርቀው በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀምጡታል። ጠዋት ደረቅ ዓሣ፣ ማታ ደረቅ ዓሣ። ውሃ በሳህን ይቀመጥለታል፤ እሱ ግን አሽትቶ ያልፈዋል። እኛም ድመት ነው፣ ሲጠማው ይጠጣል አልን።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ሱልጣን አመድ ወደተሞላው ካርቶኑ መመላለስ አበዛ። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም ሳይወጣው ይወጣል፤ ዞሮ ተመልሶ ይገባል። በመካከሉ ተጠቅልሎ ከጅራቱ ሥር ይልሳል። "ሆዱ ደርቆ ነው" አሉ እትዬ እህተ። እኔም የተማርኩ ሰው ነኝና፣ አጥንቱ ነው ያደረቀው ብዬ አጸናሁላቸው። ለጋ ቅቤ አቅልጠው በማንኪያ አጠጡት። ድመቱ ሲታገል ክንዳቸውን ቧጨራቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋዋኔ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ልቆጣ ስል፣ ጨርቁ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አየሁ። ቀይ ነው። ሱልጣን እንደ ወትሮው ሸሸት አላለም፤ በደከመ ድምፅ ጮኸና አረፋ ተፋ። ያን ጊዜ ሆድ ድርቀት አለመሆኑ ለእኔም ገባኝ። ዘንቢል ውስጥ አስገብተን፣ ፎጣ ሸፍነን፣ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ በባጃጅ በረርን። እትዬ እህተ መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ዘንቢሉ ውስጥ ከትተው፣ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉታል።

ሐኪሟ ዶክተር ሶሊያና ትባላለች። ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማዋ ላይ የጥጃ እበት ነበረበት። ሆዱን አንድ ጊዜ ዳበሰችውና ፊቷ ተለወጠ።

"እማዬ፣ መጨረሻ የሸናው መቼ ነው?"

"የሸና? ሆዱ ነው እንጂ የደረቀው።"

"ሆዱ አይደለም። ይኸው ይንኩት። ፊኛው ብርቱካን አክሏል። ሽንቱ ተዘግቶበታል። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ቀጭን ነው፤ አሸዋ የመሰለ ጠጠር ከሽንቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሲወትፈው አንዲት ጠብታ አይወጣም። በዚህ ሁኔታ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ መርዙ ወደ ደሙ ይመለሳል፣ ልቡም ይቆማል።"

እትዬ እህተ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ዶክተር ሶሊያና መርፌውን እያዘጋጀች ጥያቄዋን ቀጠለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ማደንዘዣ ወስዶ ያውቃል? የኩላሊት ሕመም አለበት? እትዬ እህተ አንዱንም አላወቁም።

"ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"አይደለሁም። አደራ ነው።"

"እንግዲያው ባለቤቱን አሁኑኑ ይጠይቁልኝ።"

ስልካቸውን አወጡ፤ ግን አልደወሉም። የሰሚራን ስም መስታወቱ ላይ ያያሉ። ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ በዚህ ሰዓት ምን ዓይነት ኩርፊያ ነው ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"ደበሌ፣ ይሄ ድመት ከሞተ ሰሚራ ምን ብላ ትደውልልኛለች?"

ስልኩን ከእጃቸው ወስጄ እኔው ደወልኩና መልሼ ሰጠኋቸው።

ሰሚራ ወዲያው አነሡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም። ሱልጣን ታሟል።"

"ማክሰኞ እኮ ነው። አንቺ ደውለሽልኝ አታውቂም። ልቤን አወለቅሽው።" ሰሚራ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። አቶ ጠሀ ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ሱልጣን ደም የቀላቀለ ሽንት ሸንቶ ነበር። ያየው ሐኪም ብዙ ውሃ ይጠጣ አለ። የቆመ ውሃ ስለማይወድ ሰሚራ የግቢውን ቧንቧ ትንሽ ከፍተው ጠብ ጠብ ያስብሉለት ነበር፤ እሱም ከሥር ቆሞ ይልሳል። "ሳልነግርሽ ሄድኩ። ያን ሰሞን ራሴ መች ነበረኝ፣ እህተ።"

ሐኪሟ ይህን ሰምታ በሩን ዘጋች። ማደንዘዣ ሰጥታ፣ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ቱቦ በሽንቱ መውጫ አስገባች፤ በጨው ውሃ ቀስ እያለች ጠጠሩን ወደ ኋላ ገፋችው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ቱቦው ሲያልፍ ሻይ የመሰለ፣ ደም ያጠላበት ሽንት ወረደ። በአልትራሳውንድ ስታየው ፊኛው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ አልነበረም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ትልቅ ቢሆን ኖሮ ቀዶ ጥገና ነበር ያለችው።

የላቦራቶሪ ሰው መሆኔን ስነግራት ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችኝ። አፈር ውስጥ ብዙ ዓይነት ክሪስታል አይቻለሁ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ግን ብዙም አላየሁም። ጠርዛቸው የተቆረጠ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። "መጻሕፍቱ የሬሳ ሳጥን ክዳን ይመስላል ይላሉ" አለችኝ በቀስታ። ይህንን ለእትዬ እህተ አልነገርኳቸውም። "ደግነቱ ይህኛው ዓይነት በምግብና በውሃ ይሟሟል። የማይሟሟም አለ፤ እሱን የሚያወጣው ቢላዋ ብቻ ነው።"

ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀች። እትዬ እህተ ስለ ዓሣው ነገሯት። ለምን ዓሣ ብቻ እንደሆነም ነገሯት፤ አንድም ሳያስቀሩ፣ ቢሮ ቃል እንደሚሰጥ ሰው ቀጥ ብለው። ዶክተር ሶሊያና አልሳቀችም። አጥንት የበዛበት ዓሣ ጠጠሩ የሚሠራበት ማዕድን እንደሚበዛበት፣ ደረቅ ሲሆንና ውሃ ሲያንስ ሽንቱ እንደሚወፍር፣ ውፍረትና ቤት መዋልም እንደሚያግዙ አስረዳች። "ጭንቀትም አለበት" አለች በመጨረሻ። "ድመት ቤት ሲቀይር፣ ሰው ሲያጣ ፊኛው ይታመማል።"

"እሱም?" አሉ እትዬ እህተ።

ሱልጣን ቱቦው እንዳለ፣ ጉሉኮስ እየወሰደ ሁለት ቀን ክሊኒክ ተኛ። እትዬ እህተ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ቤት ሲገቡ ማዳበሪያውን አንሥተው ደረቁን ዓሣ ቆሻሻ ላይ ደፉት፤ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" እያሉ ራሳቸውን ይሰድባሉ። እኔም ያን ሰሞን ጋዋኔን አጥቤ ሰቀልኩት፤ የሚተኛበት አልነበረም።

ሐሙስ ተሰናብቶ መጣ። ያን ዕለት እትዬ እህተ ከአልጋ ሥር የድሮውን ታይፕ አወጡና የሐኪሟን ትእዛዝ ተየቡት። "ጉዳዩ፦ የሱልጣንን አመጋገብ ይመለከታል" ይላል። ጨውና ቅመም የሌለበት የተቀቀለ ሥጋ ከነመረቁ እንደሚሰጠው፣ ለጠጠር ሕመም የተዘጋጀው የታሸገ ምግብ ከአዲስ አበባ እንደመጣ ወደዚያ እንደሚዛወር፣ ቧንቧው ለእሱ ጠብ ጠብ እንደሚል፣ ካርቶኑ በየቀኑ እንደሚጸዳ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽንቱ ዳግመኛ እንደሚመረመር፤ ደግሞ ካማጠ፣ ከጮኸ ወይም ደም ከታየ በዚያው ሰዓት ክሊኒክ እንደሚሄድ። በመጨረሻው መስመር "ቅቤ ክልክል ነው" ይላል። በር ላይ ለጠፉት። የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር።

የሚያስጨንቃቸው ሥጋው ነበር። አስበው አስበው መላ አገኙ። ቅዳሜ ገበያ ሄደው ትንሽ ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያ ለሱልጣን ለብቻው ገዙ፤ በረንዳው ጥግ ላይ ከሰል ማንደጃ አኖሩለት። ሥጋውን ከእስላም ሥጋ ቤት እኔ እንድገዛ ተስማማን። ድመት የማልወደው እኔ።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሰሚራ ደወሉ። እትዬ እህተ የሆነውን ሁሉ አስረዱ፤ ድስቱን ሲነግሯቸው ድምፃቸው ኩራት ነበረበት።

"ድስት ገዛሽለት?" አሉ ሰሚራ።

"ታዲያስ። አደራሽ አይደል።"

ሰሚራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እህተ፣ ከራስሽ ድስት ስጪው። ካንቺ ሥጋ አብዪው። ያንቺ ነው።"

"እስክትመለሺ ነው እንጂ ..."

"ዩኑስ ቤቱን ሸጦታል። የገዙት ሰዎች በሚመጣው ወር ይገባሉ። ሁልጊዜ እሑድ ልነግርሽ እደውላለሁ፤ ስለ ድመቱ ስናወራ ይመሻል።"

እትዬ እህተ "እሺ" ብቻ አሉ። ስልኩን ዘግተው ማንደጃው አጠገብ ቆሙ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ለራሳቸው ካስቀመጡት ሥጋ ቆርጠው አመጡ፤ በራሳቸው ድስት ጣዱት። ሲበስል አደቀቁት፣ መረቅ ጨመሩበት፣ በጣታቸው ሙቀቱን ለክተው አቀረቡለት። ሱልጣን ቢስሚላህም በስመአብም ሳይል በላ። እሳቸው እያዩት አለቀሱ። ሽንኩርት አላሉም፤ ምንም አላሉም። ያን ቀን አለቀሱ፣ በማግስቱም አለቀሱ። አጥሩ ላይ ያለችውን ክፍተት አዲሶቹ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት መድፈን ያስፈልጋል ብለው ሚስማር አስገዙኝ፤ ሚስማሩ እስካሁን መስኮት ላይ ተቀምጧል።

በሚቀጥለው እሑድ አሥር ሰዓት ሆነ፤ አልተደወለም። አሥር ተኩል ሆነ። እትዬ እህተ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

"ለምን እርስዎ አይደውሉም?" አልኩ።

"ምን ብዬ? ድመቱ የኔ ነው ተባልኩ። ሰው ስለ ራሱ ድመት ለማን ሪፖርት ያደርጋል?"

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ደወሉ።

"ሱልጣን ምን ሆነ?" አሉ ሰሚራ፣ እንዳነሡ።

"ምንም አልሆነ። በልቶ ተኝቷል። ሽንቱም ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ ምን ተገኘ?"

እትዬ እህተ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ ሰሚራ ቤት ጣራ አዩ። ስንት ሺህ የሰው ስም የጻፉ ሴት፣ አንዲት ቃል ፍለጋ ሲቸገሩ ተመለከትኩ።

"ናፍቀሽኝ ነው" አሉ።



"ታዲያ እስከ እሑድ ምን አስቆየሽ?" አሉ ሰሚራ።